በጅማ ቀይ አፈር የማርስ መኖሪያ ሞዴል አሠራር

ማርስ ላይ የሚሠራ ቤት ከመደርመስ ይልቅ የሚያሰጋው መፈንዳት ነው። የውጩ ግፊት በምድር ባሕር ወለል ላይ ካለው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጅማ ላይ የምንተነፍሰው አየር ግፊቱ 82 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ ይህንኑ እዚያ ቤት ውስጥ ብንሞላ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ግድግዳ ከ8 ቶን በላይ በሚመዝን ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። ጣሪያው ላይ አፈር በመከመር ብቻ ይህን ለመመከት 15 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል፤ የማርስ ስበት የምድር 38 በመቶ ብቻ ስለሆነ አፈሩ ይቀላል። ስለዚህ አየሩን ከረጢት ይይዛል፣ አፈሩ ጨረር ይከላከላል። ይህ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ የሚሆን 1 ለ 10 ሞዴል ሁለቱን ሥራዎች ይለያል።

ለአየር መያዣው ከጎሚስታ ያገለገለ የአይሱዙ ካላማዳሪ ግዙ። ነፍታችሁ ውሃ ውስጥ ድፈቁት፤ አረፋ ከወጣ አስለጥፉት። ከዚያ በግማሽ ነፍታችሁ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት በተቀደደ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ጥብጣብ ጠቅልሉት፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን በግማሽ ይደርብ። ሳይጠቀለል ከተነፋ ላስቲኩ የሳሳበት ቦታ ያብጣል፣ ባበጠ ቁጥርም ይበልጥ ይሳሳል።

ለግፊት መለኪያ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ውስጡ የሚታይ ቱቦ፣ 3 ሜትር ያህል፣ ጣውላ ላይ እንደ ዩ አጥፋችሁ ቸንክሩ፤ ቀለም የገባበት ውሃ እስከ ግማሹ ሙሉበት። አንዱን ጫፍ በቲ ማገናኛ ከካላማዳሪውና ከፓምፑ ጋር አያይዙ፣ መጋጠሚያዎቹን በሽቦ እሰሩ። የሁለቱ ውሃዎች ከፍታ ልዩነት 50 ሳንቲሜትር ሲደርስ አቁሙና የፓምፑን መስመር ዝጉ። ከዚህ አትለፉ፤ ውሃው ይፈናጠራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ንባቡ ላይ ነው። የሙቀት መጠኑ በ3 ዲግሪ ሲለወጥ ምንም ሳያፈስ ልዩነቱ እስከ 8 ሳንቲሜትር ሊቀያየር ይችላል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፤ ማለዳ 12 ሰዓት አንብቡ፣ በማግስቱም በዚያው ሰዓት፣ ቴርሞሜትሩንም መዝግቡ። በተመሳሳይ ሙቀት ከ3 ሳንቲሜትር በላይ ከወረደ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀቧቸው። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው መጋጠሚያና መተላለፊያ ነው፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ ያስቸገረው የአየር መፍሰስም የመጣው ዝቬዝዳ ከተባለው የሩሲያ ክፍል መተላለፊያ ነው።

አፈሩን ከግማሽ ሜትር በታች ቆፍሩ፤ ላይኛው ሥርና ብስባሽ አለበት። ቀለሙ የማርስን ይመስላል፣ ሁለቱንም ያቀላቸው የብረት ዝገት ነው። ጠባዩ ግን ይለያል፦ የጅማው ሸክላ የበዛበት ስለሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የማርሱ ደግሞ ፊኒክስ የተባለው የናሳ መንኮራኩር በ2008 እ.ኤ.አ. እንዳገኘው ፐርክሎሬት የሚባል መርዛማ ጨው አለው። ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉ። ጨብጣችሁ ከወገብ ከፍታ ስትጥሉት ጥቂት ቦታ ከተሰበረ እርጥበቱ በቂ ነው፤ ከተጨፈለቀ ውሃ በዝቷል።

የማዳበሪያ ከረጢቶችን በዚህ ድብልቅ ሞልታችሁ፣ ከካላማዳሪው በላይ በሚቆም የአጠና መድረክ ላይ በ30 ሳንቲሜትር ውፍረት ጠቅጥቁ፤ ይህ ሦስት ሜትር ሽፋንን ይወክላል። ኪዩሪዮሲቲ የተባለው የናሳ ተሽከርካሪ ማርስ ላይ የለካው ጨረር በቀን 0.67 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ያህል በመሆኑ ስስ ሽፋን አይበቃም። አንድ ካሬ ሜትር የሚሸፍን ክምር 500 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን መድረኩ ጠንካራ ይሁን፤ ከካላማዳሪው 5 ሳንቲሜትር ይራቅ። በላዩ ሸራ አልብሱ፤ የጅማ ዝናብ አፈሩን ያከብደዋል። ማንም ከሥሩ እጁን አያስገባ።

በመጨረሻ አየሩን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሱ። መድረኩ ሳይጎብጥ አፈሩን ከያዘ ሞዴሉ አልፏል፤ ካላማዳሪው ላይ ከወረደ አጠናዎቹን አቀራርባችሁ እንደገና ሥሩ።