አልጌው አልደምቅ ላላችሁ፦ የአፈር ውሃ ሞክሩ

ሐዋሳ ውስጥ ለቆሮሶ ጫጩት ክሎሬላ (በውሃ ውስጥ የሚያድግ ደቃቅ አረንጓዴ አልጌ) የምታባዙ ሰዎች፣ ሁሉን ነገር ከማዳበሪያ አትጠብቁ። ብስባሽ የበዛበት ጥቁር የጓሮ አፈር ውሰዱ። ፀረ-ተባይ የተረጨበት ወይም ትኩስ ፍግ የገባበት ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ አፈሩ ከተበላሸ ልፋት ነው። አንድ እጅ አፈር በሁለት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አንድ ሰዓት ያህል አፍሉት። ካደረ በኋላ ከላይ የጠለለውን ብቻ ቀድታችሁ በነጠላ፣ ቀጥሎ በወፍራም ጨርቅ አጥልሉት። ደህና ከወጣ መልኩ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። በማግስቱ እንደገና አፍሉት፤ ከመጀመሪያው እሳት የተረፈው ባክቴሪያ ብዙው የሚያልቀው ያኔ ነው። አልጌው ለሚያድግበት ለ1 ሊትር ውሃ ከዚህ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቡናማው ቀለም ብርሃን ይጋርዳል።

ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከብስባሹ የሚወጣው ሂዩሚክ አሲድ ነው፤ ብረቱን ይዞ እንዳይዘቅጥ ስለሚያደርገው አልጌው በቀላሉ ያገኘዋል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን አፈሩ በበቂ አይሰጥም፣ ስለዚህ ቁንጥር ዩሪያና ዳፕ አይቀርም።

ስፒሩሊና (ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ) የምታሳድጉ ይህን እርሱት። እሷ የምትወደው እንደ ቺቱ ሐይቅ ያለ ሶዳ የበዛበት ውሃ ነው።