ጌሚንግ ፒሲ ልትገጥሙ ነው? ዕቃ ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ትናንት ማታ አንድ ልጅ ሊገዛ ያሰበውን ዕቃ ዝርዝር ላከልኝና "እስቲ እየውና የጎደለ ካለ ንገረኝ" አለኝ። ካርዱ (ጌሙን ስክሪን ላይ የሚስለው ግራፊክስ ካርድ) አርቲኤክስ 4070 ቲአይ ሱፐር፣ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ፣ ራሙ 32 ጊጋ ዲዲአር5፣ ሁሉም ሞዴሉ እስከነ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ሳምንታት ሙሉ ሲያነብና ሲያወዳድር እንደከረመ ያስታውቃል። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለሁሉም ዕቃ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ጋ ስደርስ ግን "750 ዋት፣ የተገኘው" ይላል። የተገኘው! ይቺን ነገር ከስንት ሰው እንደሰማሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም፣ ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይሄንኑ እልካለሁ።

ፓወር ሰፕላይ መጨረሻ ላይ በተረፈች ገንዘብ አይገዛም። ካርዱም ፕሮሰሰሩም ዲስኩም የሚጠቀሙት ኤሌክትሪክ በሙሉ የሚያልፈው በሱ ነው፣ ራም ቢበላሽ ራም ቀይራችሁ ትቀጥላላችሁ፣ መጥፎ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ግን ከሱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ግን ያው ፍሬም (ካርዱ በሰከንድ የሚስለውን ምስል ብዛት) አይጨምርም፣ ኬዙ ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ አይታይም፣ ስለዚህ ሰው ይንቀዋል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አይቶ ይገዛል። እሱን ቁጥር ተዉትና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ፣ 12 ቮልት በሚለው መስመር ስር ስንት አምፔር እንደሚል እዩና በ12 አባዙት። ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚበሉት ከዛ መስመር ነው። አንዴ 700 ዋት የሚል ፓወር ሰፕላይ አምጥተውልኝ ሠንጠረዡን ሳየው 12 ቮልቱ 30 አምፔር ብቻ ነበር፣ 30 በ12 ሲባዛ 360 ዋት። የቀረው ዛሬ ጌሚንግ ፒሲ ብዙም በማይፈልገው በ5 እና በ3.3 ቮልት ላይ ተደማምሮ የተጻፈ ቁጥር ነው። ደህና የሆነ 750 ዋት ግን 12 ቮልቱ ብቻውን 62 አምፔር ገደማ ይሰጣችኋል።

"80 ፕላስ ጎልድ ነው እኮ" ትሉኛላችሁ። 80 ፕላስ የሚለካው ከግድግዳ የሳበውን ኤሌክትሪክ ሳያባክን ምን ያህሉን ያስተላልፋል የሚለውን ነው፣ ጎልድ ማለት በ115 ቮልቱ ፈተና ግማሽ ጭነት ላይ 90 በመቶ። ጥሩ ነገር ነው፣ አልጠላሁትም፣ ግን ሾርት ሲፈጠር ቶሎ ራሱን ያጠፋል ወይ፣ ጭነት ሲበዛበት ቮልቱ ይዋዥቃል ወይ፣ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚያረጋጋው ካፓሲተር ሙቀት ይችላል ወይ የሚለውን አይነግራችሁም። እሱን የሚነግራችሁ ያንኑ ሞዴል ከፍቶ፣ ጭነት ጭኖበት የፈተነ ሰው ነው። ሞዴሉን ነው ያልኩት፣ ብራንዱን አይደለም፣ አንድ ብራንድ እኮ የተለያየ ፋብሪካ የሠራለትን ጎበዙንም ደካማውንም በራሱ ስም ይሸጣል።

ደሞ ዋቱን ስታሰሉ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትደምሩ። ካርድ 300 ዋት ይበላል ሲባል በአማካይ ነው፣ ለሚሊሰከንድ ብቻ እጥፍ ሊስብ ይችላል፣ ያኔ ፓወር ሰፕላዩ "ከአቅሜ በላይ ነው" ብሎ ይዘጋል፣ እናንተ ደሞ ጌም መሃል ኮምፒውተሩ ድርግም ሲልባችሁ ካርዱ ተቃጠለ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የሚባለው ስታንዳርድ ይሄን ታሳቢ አድርጎ ነው ባለ 16 ፒን የካርድ መሰኪያ ያለው ፓወር ሰፕላይ ለ100 ማይክሮሰከንድ የዋቱን እጥፍ መቻል አለበት የሚለው። አዲስ ከሆነ የምትገዙት እሱን የሚያሟላ ፈልጉ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ሁሉ የምጮኸው ስላቃጠለኝ ነው። ከዓመታት በፊት አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ በአዲስ ቀየርኩ። ሁለቱም ሞዱላር ናቸው፣ ኬብላቸው ይነቀላል። የድሮዎቹ ኬብሎች ከኬዙ ጀርባ በደንብ ታስረው ስለነበር መፍታቱ ሰለቸኝ፣ ሳጥኑን ብቻ አወጣሁና አዲሱን አስገብቼ በድሮዎቹ ኬብሎች ላይ ሰካሁት። ግጥም አለ፣ ትንሽ እንኳን አልታገለኝም። ማብሪያውን ስጫን ፋኑ ግማሽ ዙር ዞረና ቆመ፣ ከዛ ያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ኤስኤስዲውም ሃርድዲስኩም ሞቱ። ሃርድዲስኩ ውስጥ የእህቴ የሰርግ ፎቶ ነበር፣ ሌላ ቦታ ኮፒ አልነበረውም። ስነግራት ምንም አላለችኝም፣ ዝም ነው ያለችው፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሆነው ምንድነው፣ ዲስኩ ላይ የሚሰካው ጫፍ የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የሚሰካው ጫፍ ግን ስታንዳርድ የለውም። 5 ቮልቱ የቱ ፒን ላይ ይሁን፣ 12 ቮልቱ የቱ ላይ ይሁን፣ ሠሪው እንዳሻው ይደረድረዋል። 5 ቮልት በሚጠብቀው ፒን 12 ቮልት ገባ፣ በቃ። ብራንዱ አንድ ቢሆንም እንኳን ሞዴሉ ሲለያይ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ያገለገለ ሞዱላር ፓወር ሰፕላይ ኬብሉ ጠፍቶ ከተሸጠላችሁ አትግዙት፣ ቤት ካለ ኬብል አሟላለሁ አትበሉ።

ጀርባው ላይ 115 እና 230 የምትል ትንሽ ማዞሪያ ያለችው ከሆነ ደሞ ከመሰካታችሁ በፊት እሷን እዩ። 230 ቮልት ባለበት ቦታ 115 ላይ ሆና ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል።

ከፓወር ሰፕላይ ቀጥሎ ሰውን የሚያታልለው የካርድ ስም ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ካርዱ አንድ ይመስላችኋል፣ አይደለም። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋውና ባለ 6 ጊጋው ልዩነታቸው ሜሞሪው ብቻ ይመስላል፣ ግን ባለ 6ቱ 1280 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ ክፍሎች) ሲኖረው ባለ 3ቱ 1152 ነው። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው የሜሞሪ መንገዱ 192 ቢት ነው፣ በኋላ የመጣው ባለ 8ቱ 128 ቢት። ከሁሉም የሚያናድደኝ ጂቲ 1030 ነው፣ መጀመሪያ ጂዲዲአር5 ሜሞሪ ይዞ ወጣ፣ ከዛ በዛው ስም በተራ ዲዲአር4 መጣ፣ የሜሞሪው ፍጥነት በሰከንድ ከ48 ጊጋባይት ወደ 17 ገደማ ወረደ፣ ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ግን ያው። ጀማሪ ይሄን በምን ሊያውቅ ይችላል? ስለዚህ ከስሙ ቀጥሎ የሜሞሪውን መጠን፣ ዓይነቱንና ስንት ቢት እንደሆነ ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

እዚሁ ላይ፣ ማዘርቦርዳችሁ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ቦርድ) የቆየ ከሆነ ካርዱ ስንት ፒሲአይ መስመር (ከቦርዱ ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት መንገድ) እንደሚጠቀም ጠይቁ። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የሚጠቀመው 4 መስመር ብቻ ነው፣ ሜሞሪውም 4 ጊጋ ነው፣ ፒሲአይ 4.0 ቦርድ ላይ ይሄዳል፣ በቀድሞው 3.0 ላይ ግን መንገዱ በግማሽ ይጠብበትና ሜሞሪው ሲሞላ ጌሙ መንተባተብ ይጀምራል። የሚያሳዝነው እንዲህ ዓይነቱን ካርድ የሚገዛው አብዛኛው ሰው አሮጌ ቦርድ ያለው ነው።

ሌላው ስህተት የፕሮሰሰር ኮር መቁጠር ነው። ራይዘን 9 7950ኤክስ 16 ኮር ነው፣ 7800ኤክስ3ዲ ደሞ 8፣ አብዛኛው ጌም ላይ ግን ባለ 8ቱ ይቀድማል፣ ምክንያቱም 96 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) አለው፣ ጌም የሚወደው እሱን ነው። ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ ከሆነ ሌላ ነው፣ ለጌም ብቻ ከሆነ ግን ትርፍ ኮር ላይ የምታወጡትን ካርዱ ላይ ጨምሩት።

ፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችውንም ፊደል አንብቡ። ኢንቴል ላይ ኤፍ ካለ ውስጡ የሚሠራ ግራፊክስ የለም፣ ካርዳችሁ እስኪመጣ በሱ እየተጠቀምኩ እቆያለሁ ካላችሁ ጥቁር ስክሪን ነው የምታዩት።

ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን ይቀበላል ማለት ወዲያው ይነሳል ማለት አይደለም። ሶኬቱ ልክ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ገባ፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ባዶ፣ እና ሰው ዕቃውን ሁሉ አንድ በአንድ እየነቀለ ሁለት ቀን ያለቅሳል። ብዙ ጊዜ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ከፕሮሰሰሩ በፊት የተጻፈ ስለሆነ ነው፣ ቢ450 ላይ ራይዘን 5000 ሲያስገቡ፣ ባለ 600 ቺፕሴት የኢንቴል ቦርድ ላይ 13ኛ ወይ 14ኛ ትውልድ ሲያስገቡ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። የምትገዙት ቦርድ ያለ ፕሮሰሰር ከፍላሽ ባዮስ የሚጭን ቁልፍ ካለው ሃሳብ አይግባችሁ። ከሌለው ባዮሱ መታደሱን ሻጩን ጠይቃችሁ ግዙ።

እና ሶኬት ስትመርጡ ነገንም አስቡ። የኤኤምዲ ሶኬት በሆነው ኤኤም4 ላይ በ2017 የመጀመሪያውን ራይዘን የገዛ ሰው ብዙ ቦርዶች ላይ ባዮስ ብቻ አድሶ በ2022 የወጣውን 5800ኤክስ3ዲ ማስገባት ችሏል። የኢንቴል ኤልጂኤ1700 ደሞ ከ14ኛው ትውልድ በኋላ በ2024 በአዲስ ሶኬት ተተካ፣ ከዛ በላይ ልሂድ ካላችሁ ቦርዱም ይቀየራል።

ራም ላይ አጭር ነው፦ አንድ ባለ 32 ሳይሆን ሁለት ባለ 16 ግዙ፣ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ስኩ። ዲዲአር4 ዲዲአር5 ቦርድ ላይ አይገባም። "በኋላ ሁለት እጨምራለሁ" ብላችሁ አታስቡ፣ ዲዲአር5 አራቱም ሲሞላ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ ይወርዳል። እና እባካችሁ ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ ወይ ኤክስፖ የሚለውን፣ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን፣ አብሩ! አንድ ጓደኛዬ 6000 የሚል ራም ገዝቶ ዓመት ሙሉ በ4800 ሲጠቀም ነበር፣ ለፍጥነቱ ከፍሎ።

ኤም.2 የሚል ኤስኤስዲ ሁሉ ፈጣን አይደለም። ቅርጹ አንድ ሆኖ ውስጡ ሳታ (የቆየው የዲስክ ግንኙነት) የሆነ አለ፣ እሱ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ ኤንቪኤምኢ ከሆነ ግን ፒሲአይ 4.0 ላይ እስከ 7000 የሚደርስ አለ። ደሞ አንዳንድ ቦርድ ላይ ኤም.2 ስትሰኩ አንድ ሁለት የሳታ ቦታ ይዘጋል፣ ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል።

ኬዝ ስትመርጡ ፊቱ ድፍን መስታወት የሆነውን ተዉት፣ ሦስት ፋን ከኋላው ቢደረደር አየር ከየት ይስባል? የካርዱን ርዝመትና የኩለሩን (የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ) ቁመት በሚሊሜትር ኬዙ ከሚችለው ጋር አስተያዩ፣ ባለ ሦስት ፋን ካርድ ብዙ ጊዜ ከ300 ይበልጣል።

ሞኒተሩን ደሞ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ወስኑ። 1080ፒ ላይ ካርዱ የሚስለው 2 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ነው፣ 4ኬ ላይ 8.3 ሚሊዮን፣ አራት እጥፍ ሥራ ነው፣ ካርድ የሚመረጠው ከዛ ተነስቶ ነው። ባለ 60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ፣ ሞኒተር ይዞ 200 ፍሬም የሚያወጣ ካርድ የሚገዛ አይቻለሁ፣ አብዛኛውን ፍሬም አያየውም።

የአክስቴ ልጅ ግን ሞኒተሩን በትክክል ገዝቶ ነበር፣ ባለ 165 ኸርዝ። ሁሉንም ራሱ ገጠመ፣ በ16 ዓመቱ፣ ኬብል አስተሳሰሩን ብታዩት ከኔ ይበልጣል። ከዛ ደውሎ "አንድ ነገር ተበላሽቷል፣ ጌሙ እንደ ፎቶ ነው የሚሄደው" አለኝ፣ ድምፁ ሊያለቅስ ደርሷል። ሄድኩ፣ ከኋላ አጎንብሼ ሳይ ኤችዲኤምአዩ የተሰካው ማዘርቦርዱ ላይ ነው፣ ፕሮሰሰሩ 7600 ስለሆነ ውስጡ ትንሽ ግራፊክስ አለው፣ ስክሪኑ ስለበራለት ልክ ነው ብሎ ነው። ነቀልኩና ዲስፕሌይ ፖርቱን ከካርዱ ላይ ሰካሁለት፣ ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን 60 ላይ የነበረውን ወደ 165 ቀየርነው፣ ማውሱን አንዴ ስክሪኑ ላይ ክብ አዞረውና ዞር ብሎ አየኝ። ያንን ፊት ለማየት ስል ነው ይሄን ሁሉ የምደክመው።

ለትናንቱ ልጅ የመለስኩለት፣ ካርዱም ፕሮሰሰሩም ጥሩ ነው፣ ከማዘርቦርድ ያንን መብራት የበዛበትን ተውና ቀለል ያለ ውሰድ፣ ልዩነቱን ፓወር ሰፕላዩ ላይ አውለው፣ ሞዱላር የሆነ ኤቲኤክስ 3.0፣ ሞዴሉን መርጠህ ላክልኝ ነው። ላከልኝ፣ ጥሩ መርጧል። ከስሩ ግን "ከድሮው ኮምፒውተሬ ነጭ ኬብሎች አሉኝ፣ ከኬዙ ጋር ስለሚሄዱ እነሱን እጠቀማለሁ" ብሎ ጽፏል። ወዲያው ደወልኩለት። አሮጌዎቹን ከድሮው ፓወር ሰፕላይ ጋር አንድ ላይ ላስቲክ ውስጥ አስገብተህ እሰራቸው፣ ላዩ ላይ ሞዴሉን ጻፍበት፣ አዲሱ ኮምፒውተር ወዳለበት ክፍል ራሱ እንዳታስገባቸው አልኩት።