የሰደድ እሳት ጭስ ከተማ ሲደርስ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በጁን 2023 መጀመሪያ በካናዳ የኩቤክ ደኖች የተነሣው ሰደድ እሳት ጭሱን በነፋስ እያስገፋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች አሻግሮ የኒው ዮርክን ሰማይ ብርቱካናማ አደረገው። ከ300 በላይ «አደገኛ» የሚባልበት የአየር ጥራት መለኪያ ጁን 7 ቀን በከተማዋ ከ400 አለፈ፤ በማግስቱም ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ወይን ጠጅ ቀለም ወደተሰጠው «እጅግ ለጤና የማይስማማ» ደረጃ ገባ።

የመጀመሪያው ስህተት አየሩን በዓይንና በአፍንጫ መመዘን ነው። ትልልቁ አመድ እሳቱ አጠገብ ይወድቃል፤ ሩቅ የሚጓዘው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ፣ ከፀጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያንስ ብናኝ ሲሆን፣ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ለቀናት ይንሳፈፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለዚህ ብናኝ ያስቀመጠው የ24 ሰዓት አማካይ ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 15 ማይክሮግራም ነው፤ ይህን ያህሉን በዓይን መለየት አይቻልም።

ሁለተኛውና፣ በእኔ ግምት፣ ብዙ ሰው የሚያሳስተው የሳተላይት ፎቶን እንደ አየር ጥራት መረጃ ማንበብ ነው። ሳተላይት የሚያየው ከላይ እስከ ታች ያለውን ጭስ በአንድነት ስለሆነ፣ ጭሱ ብዙ ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ እያለፈ መሬት ላይ ያለው ሰው ንጹሕ አየር ሊተነፍስ ይችላል። ወደ መሬት ሲወርድ ግን ነገሩ ይከፋል፤ ጭሱ ፀሐይን ስለሚጋርድ መሬቱ አይሞቅም፣ መሬቱ ካልሞቀ አየሩ ወደ ላይ ተነሥቶ አይደባለቅም፣ ስለዚህ ጭሱ ራሱ ባበጀው ክዳን ሥር ታፍኖ ይቆያል።

ጭስ በተጓዘ ቁጥር እየሳሳ ከመሄድ በቀር አይለወጥም ማለትም ስሕተት ነው። አብረውት የሚጓዙት ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ተለውጠው አዲስ ብናኝ ይሆናሉ፤ ከተማ ሲደርሱም ከመኪና ጭስ ናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጋር ተገናኝተው ኦዞን የተባለውን ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራሉ። በአንጻሩ ጭሱ ብርሃን እስኪከለክል ከወፈረ የኦዞኑ መፈጠር ይዳከማል።

የጨርቅ ማስክ ይህን ብናኝ እምብዛም አያቆምም፤ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ፣ ፊት ላይ በደንብ የገጠመ ኤን95 የተባለ ማስክ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ስህተት የሚፈጸመው መስኮት ከተዘጋ በኋላ፣ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ቡናው ወዙ ወጥቶ ሲጨስና ፍሙ ላይ እጣን ሲጣል ቤቱን የሚሞላው፣ ሽታው ደስ ቢልም፣ በስፋቱ ከውጭው ጋር አንድ የሆነ ደቃቅ ብናኝ ነው፤ መስኮቱ ስለተዘጋም መውጫ የለውም። በእንዲህ ያለ ቀን አስቀድሞ የተቆላ ቡና ይፈላ፤ እጣኑ ጭሱ እስኪያልፍ ይቆይ።