በሳምንት አንድ ሰዓት ማንዳሪን አይለመድም

እንግሊዝ አገር ማንዳሪን፣ ማለትም ዋናውን ቻይንኛ፣ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ሆኑኝ። ቋንቋውን የተማርኩት ካደግኩ በኋላ፣ ቻይና ሄጄ ነው። እንደ ተማሪዎቼ እኔም ከዜሮ ነው የጀመርኩት። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት «ማንዳሪን ልንጀምር ነው፣ ምከሪን» ሲለኝ ከልቤ ደስ ይለኛል። ከዚያ የክፍለ ጊዜውን ሰሌዳ ያሳዩኛል። ሐሙስ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ አንድ ሰዓት።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እዚህ የትምህርት ዓመቱ 38 ሳምንት ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ማለት በዓመት 38፣ በአምስት ዓመት 190 ሰዓት ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ሲያሠለጥን ለአማርኛ 1,100 ሰዓት ገደማ ይመድባል። ለማንዳሪን እጥፉን፣ 2,200። እነዚያ ደግሞ ሥራቸው መማር ብቻ የሆነ አዋቂዎች ናቸው። የእኛ ልጅ ሐሙስ የያዘውን እስከ ቀጣዩ ሐሙስ ይረሳዋል። ከዚያ «ከበደኝ» ብሎ ያቆማል። ወላጆቹም ልጃችን ለቋንቋ አልታደለም ብለው ይደመድማሉ። ይሄን በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ልጁ ምንም አልጎደለውም፤ ሰዓት ነው የጎደለው!

ሲደረግ ደግሞ አይተናል። በፈረንጆቹ 2016 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው የማንዳሪን ኤክሰለንስ ፕሮግራም ተማሪዎቹን በሳምንት ስምንት ሰዓት ያስጠናል፤ ግማሽ ያህሉ ከመምህር ጋር ነው። በአሜሪካ ዩታ ግዛት ከአንደኛ ክፍል ጀምረው የቀኑን ግማሽ በቻይንኛ የሚማሩ ልጆች አሉ። ሁሉም ትምህርት ቤት ይሄን አይችልም፣ ይገባኛል። ካልቻላችሁ አንድ ክፍል ብቻ ምረጡና በሳምንት አራት ቀን አስተምሩ። ያቺኑ ሰዓት ለሁሉም ክፍል አታዳርሷት።

ሁለተኛው ስህተት፣ «ቃናውን (የድምፁን መውጣትና መውረድ) በኋላ እናስተካክለዋለን» ማለት ነው። አይስተካከልም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «ገና አልመጣም» ነው፤ ፊደሉ አንድ ስለሆነ የሚለየው ጆሯችን ነው። የማንዳሪን ቃናም እንደዚያው ነው። «ማይ» በዝቅተኛው ቃና መግዛት ነው። ከላይ ወደ ታች ከወረደ መሸጥ ይሆናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ እርግጠኛ ካልሆነ ደግሞ እንደሚጠይቅ ሰው መጨረሻው ላይ ድምፁን ያነሳል። ያን ጊዜ «ማይ» መቅበር ሆኖ ቁጭ ይላል። ልጁ ቃሉን ያውቀዋል፤ ፍርሃቱ ነው ቃሉን የቀየረበት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጮክ ብለው፣ ደፍረው እንዲናገሩ አድርጓቸው።

ቻይንኛ የሚናገር ሁሉ መምህር አይደለም። መምህር ስታገኙ ደግሞ ሁለተኛ ፈልጉ፤ አንዷ ወሊድ ስትወጣ ፕሮግራሙ ሲዘጋ አይቻለሁ።

የመጨረሻው የራሴ ጥፋት ነው። ከሆንግ ኮንግ የመጣች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ክፍሌ ገባች። ቻይንኛ ትችላለች ብዬ ረዳቴ አደረግኳት። የቤቷ ቋንቋ ግን ካንቶኒዝ፣ ከማንዳሪን የተለየ ሌላ ቻይንኛ፣ ነው። ማንዳሪኑን እንደ ጓደኞቿ ገና እየተማረች ነበር። አንድ ቀን ፈረስ የሚለውን ጻፉ አልኩ። እሷ እንደለመደችው በነባሩ አጻጻፍ፣ በአሥር ጭረት፣ አሳምራ ጻፈችው። የምናስተምረው የቀለለውን፣ የሦስት ጭረቱን ነው። በቀይ አሰመርኩበት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት እጇን አላወጣችም። ነገሩ ሲገባኝ ይቅርታ ጠየቅኳትና ነባሩን ሰሌዳ ላይ እንድትጽፍልን ለመንኳት። ተነስታ አሥሩንም ጭረት በተራ ጻፈች። ክፍሉ በሙሉ በጣቱ አየር ላይ እየጻፈ ተከተላት።