አዲሱ ሰዓት ውስጥ ብናኝ ካያችሁ

ውድ ሰዓት ገዝታችሁ ከመስታወቱ ሥር ብናኝ ወይም የብረት ፍርፋሪ ካያችሁ፣ እባካችሁ የሰፈር ሰዓት ሠሪ ጋ አታስከፍቱት። በተለይ እንደ እኛ ኮዬ ፈጬ አቧራ በማይጠፋበት ቦታ! አንዷን ሊያወጣ ሌላ ያስገባል። የጀርባ ክዳኑ ሥር ያለችው ቀጭን ጎማ ከተዛባች ደግሞ ውኃ መከላከሉ ቀረ። ዋስትናውም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሮሌክስና ኦሜጋ ለአዲስ ሰዓት 5 ዓመት ይሰጣሉ፤ ለምን ይባክናል?

መጀመሪያ መስታወቱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ ቆሻሻው ከላይ ሊሆን ይችላል። ካልለቀቀ የስልክ መብራት ከጎን አብርታችሁ ፎቶ አንሱ። ዘንበል ስታደርጉት ፍርፋሪው ቦታ ከቀየረ ሰዓቱን አታድርጉት፤ ማሽኑ ውስጥ ከገባ ጣጣ ነው። ከዚያ ከነደረሰኙና ከነዋስትና ካርዱ ወደ ሻጩ። የገዛላችሁ ዱባይ ያለ ዘመድ ከሆነ ፎቶውን ዛሬውኑ ላኩለት።