ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲወሰድ ክብደትና የደም ውጤት ለምን ይለወጣል? ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ክብደት መጨመር

በጣና ዳር ዓሣ ጠብሳ የምትተዳደር አንዲት እናት ለክትትል መጥታ ሚዛን ላይ ስትወጣ፣ ባለፈው ዓመት 58 ኪሎ የነበረችው 66 ሆና አገኘኋት፤ የቀሚሷ ጎንና ጎን ተተርትሮ ሌላ ጨርቅ ተቀጥሎበታል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ኪሎው ሳይሆን፣ እሱን ለመቀነስ ብላ በሳምንት ሁለት ሌሊት ኪኒኗን መዝለሏ ነበር።

የመጀመሪያው መንስኤ መልካም ነው፤ ቫይረሱ ሲታፈን ሰውነት በበሽታው ያጣውን ሥጋ ይመልሳል፣ የምግብ ፍላጎትም ይከፈታል። ሁለተኛው ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚወስደው ቲኤልዲ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ኪኒን የተዋሃዱበት ሲሆን፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆኑት የደቡብ አፍሪካና የካሜሩን ጥናቶች ዶሉቴግራቪር የሚወስዱ ሰዎች ቀድሞ ይሰጥ የነበረውን ኢፋቪረንዝ ከሚወስዱት ይበልጥ እንደሚወፍሩ፣ በተለይም ሴቶች ላይ ይህ ጎልቶ እንደሚታይ አሳይተዋል። ኢፋቪረንዝ ራሱ በአንዳንድ ሰው ላይ ክብደት እንዳይጨምር ይይዝ ስለነበር፣ ከእሱ ወደ አዲሱ የተዛወረ ሰው ለውጡን ቶሎ ያየዋል።

መፍትሄው ኪኒኑን ማቋረጥ ፈጽሞ አይደለም። በየቀጠሮው በአንድ ሚዛን መመዘን፣ የወገብን ዙሪያ በሜትር መለካት፣ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ማስመርመር ይገባል። ለዚያች እናት ዓሣውን ለገበያ ብትጠብስም ለራሷ በወጥ ወይም በሾርባ እንድታደርገው፣ ለስላሳ መጠጥ እንድትተው፣ ማታ ወደ ቤቷ በባጃጅ ከመሄድ በእግሯ እንድትሄድ ነገርኳት። ጭማሪው ካልቆመ መድኃኒቱ ይቀየር ወይም አይቀየር የሚለውን የሚወስነው ሐኪም ነው።

ችግር፦ ክሪያቲኒን ከፍ ማለት

ዶሉቴግራቪር ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ) ወደ ሽንት የሚወጣበትን አንዱን መንገድ ስለሚዘጋ፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ውጤቱ ጥቂት ከፍ ብሎ በዚያው ይረጋል፤ ይህ የኩላሊት ጉዳት አይደለም። ቴኖፎቪር ግን በጥቂት ሰዎች ላይ ኩላሊትን በእርግጥ ይጎዳል። ሁለቱን የሚለየው ምርመራውን መድገምና ሽንትን ማየት ነው፤ ክሪያቲኒኑ እያደር ከጨመረ፣ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከታየ፣ ወይም የደም ስኳር ደህና ሆኖ ሳለ ሽንት ውስጥ ስኳር ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ቴኖፎቪር ይሄዳል። ታንኳ ሲቀዝፍ ውሎ ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ በየዕለቱ የሚውጥ ሰውም ይህንኑ ለሐኪሙ ይናገር፤ ማስታገሻውና ቴኖፎቪር ሲደራረቡ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላልና።

ችግር፦ የውሃ ጥም፣ ሌሊት ደጋግሞ መሽናት

የደም ስኳር ይመርመር። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ዶሉቴግራቪር መውሰዱን መናገር አለበት፤ ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚን በደም ውስጥ እንዲከማች ስለሚያደርግ መጠኑ በቀን ከ1,000 ሚሊ ግራም ባይበልጥ ይመከራል።

ችግር፦ የዓይን ቢጫ መሆን

አታዛናቪር የተባለውን ሌላ ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ቢሊሩቢን (በደም ውስጥ ያለ ቢጫ ንጥረ ነገር) ከፍ ብሎ ነው፤ ጉበት አልተጎዳም። ትኩሳት፣ ትውከት ወይም የጠቆረ ሽንት ካለበት ግን በዚያው ቀን ይታይ።

ችግር፦ ክብደት መቀነስ

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ መፈተሽ አለበት፤ ከተገኘና የነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ከተጀመረ ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየ12 ሰዓቱ አንድ አንድ ጊዜ መወሰድ ይኖርበታል። ቀጥሎ የኪኒን መዝለል ይጠየቅ። በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ለጠበል ተሻግረው ሁለት ሳምንት ሲቆዩ ኪኒናቸውን ቤት የሚተዉ አሉ፤ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ይሄዳሉ፣ ኪኒኑም ያለ ምግብ ሊወሰድ ስለሚችል ጾም አያግደውም። በባዶ ሆድ ከሆነ ግን ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ኪኒን ከዶሉቴግራቪር ሁለት ሰዓት በኋላ ወይም ስድስት ሰዓት በፊት ይወሰድ፤ አለዚያ ዶሉቴግራቪሩ በሚገባ ወደ ደም አይዘልቅም። የቫይረስ መጠን ምርመራውም ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይታዘዝ።