«ቱርቦው ሄዷል» ከተባላችሁ፦ ከመቀየሩ በፊት የሚታይ

ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጡ ቪኤይቱ (ላንድክሩዘሩ) እንደ ድሮው አልሄድ አለ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈት አድርጎ «ቱርቦው ሄዷል» አለ። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደገደለው ጠይቁት። ቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ አየር አምቆ የሚያስገባው ዕቃ፣ ብዙ ጊዜ በራሱ አይሞትም፤ መንስኤው ካልተገኘ አዲሱም ብዙ አይቆይም።

ጉልበት ማጣትና ጥቁር ጭስ

ናፍጣው እየገባ ነው፣ አየሩ ግን አንሷል ማለት ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩ። ቀጥሎ ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር ማቀዝቀዣ)፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች በእጅ ዳብሱ፣ በተለይ ከስር በኩል። ስንጥቁ በዓይን ባይታይም ጣታችሁ ላይ ቅባት ያዘለ ጥላሸት ይቀራል። ማሰሪያው ከላላ ይጠበቅ፤ ጎማው ከተሰነጠቀ ይቀየር። በፕላስተር መጠቅለል የትም አያደርስም።

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ከባህር ዳር ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦው ይህን ጉድለት ለመሙላት የበለጠ ይሽከረከራል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100,000 ዙር ያልፋል። ጅቡቲ ላይ ልብ የማትሉት ትንሽ ቀዳዳ እዚህ ዳገት ላይ ያጋልጣችኋል።

ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ፣ በቱርቦው ውስጥ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክንፎች በጥላሸት ተይዘው ይሆናል። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ በመንገድ መዘጋጋት እየተንፏቀቀ ብቻ የሚውል መኪና ይህ አይቀርለትም። አንዳንዴ ፈትቶ ማጽዳት ይበቃል።

ሰማያዊ ጭስ

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ በርቶ) ቆይታችሁ ነዳጅ ስትረግጡ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ከቱርቦው ወደ ሞተር ዘይት የሚመልሰው ቧንቧና የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍነው እንደሆነ ይታይ። መመለሻው ከተዘጋ ዘይቱ በማሸጊያው በኩል ያመልጣል፤ ቱርቦው ግን ጤነኛ ነው።

ከዚያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቱርቦውን የአየር መግቢያ ቱቦ ፍቱና ክንፎቹን የተሸከመውን ዘንግ በጣት ያዙት። ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቅ ያለ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከሄደ፣ ወይም ክንፉ ግድግዳውን ከነካ፣ አብቅቶለታል። አሁንም አትግዙ! ዘንጉን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የዘይት እጥረት ስለሆነ፣ ዘይቱ ለምን እንዳልደረሰው ይታወቅ። በፕራዶው ባለ 3 ሊትር 1ኬዲ ሞተር ላይ የኖዝል (የናፍጣ መርጫ) ማሸጊያ ሲያፈስ ጥላሸት ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ከታች ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ስለዚህ የዘይት መያዣው ይውረድና ወንፊቱ ይታይ። ወደ ቱርቦው ዘይት የሚወስደው ቀጭን ቧንቧም ይጽዳ ወይም ይቀየር። ዘይት መቀየርን እኔ ከ5,000 ኪሎ ሜትር አላሳልፍም፤ ርካሽ የተባለ ዘይት ደግሞ ውሎ አድሮ ውድ ነው።

ድምፅ

ከድሮም የነበረ ስስ ፉጨት አያሳስብ። እንደ አምቡላንስ እየጮኸ ከፍ ካለ ግን ሞተሩን አጥፉ። ማንኳኳት ግን ከቱርቦው ሳይሆን ከሞተሩ የሚመጣ ሌላ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ወደ 102,000 የሚጠጉ ቱንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ መኪኖችን ለጥገና የጠራው ቱርቦው ታሞ አልነበረም፤ ሲመረት ሞተሩ ውስጥ የቀረ የብረት ፍርፋሪ የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመውን ኩሽኔታ ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

የግድ መቀየር ካለበትና ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ውስጥ፣ ያገለገለ የምትፈልጉ ከሆነ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን የዕቃ ቁጥር አመሳክሩ። የናፍጣው ላንድክሩዘር 200 ቱርቦው ሁለት ነው፤ የግራና የቀኙም አንድ አይደሉም።